ገና ነፃ የወጣ አገር ከሌሎች ጋር ኅብረት ሊገባ ይችላልን?



ባለፈው ሳምንት በማታው የጎልማሶች ትምህርት የአፍሪካን ካርታ ዘርግተን ስለ ጎረቤት አገሮች ስንነጋገር ከተማሪዎቻችን አንዱ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ደቡብ ሱዳን ያን ያህል ዘመን ተዋግታ ነፃ ከወጣች በኋላ አምስት ዓመት ሳይሞላት የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ለመግባት ፈረመች ትላላችሁ። ተመልሳ ሌላ ቤት የምትገባ ከሆነ ነፃነቱ ለምን አስፈለገ?» ሲል ጠየቀ። ክፍሉ ሳቀ። ገና መልስ ሳንሰጥ ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት እናት ተነሡ። ልጃቸው ካኩማ መጠለያ ውስጥ አንድ የደቡብ ሱዳን ስደተኛ አግብታ ሁለት ልጆች ወልዳለች። «የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። አገሩ ኅብረት ገባ ተብሎ የአማቼን የስደተኛነት ወረቀት ይቀሙታል ወይ? የልጄስ?» አሉ።

በዚያ ምሽት ሁለቱንም ጥያቄዎች በቅጡ ሳንመልስ መብራት ጠፋና ተበተንን። ጥያቄው በውኃ ወረፋ ላይም ስለተነሣ የምናውቀውን አሰባስበን በዚህ ጽሑፍ ለማብራራት እንሞክራለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እናስታውቃለን።

ለተማሪያችን ጥያቄ ቀጥተኛው መልስ «ይችላል» የሚል ነው። በዓለም አቀፍ ሕግ ዓይን ትናንት ነፃ የወጣ አገርና ሺህ ዓመት በነፃነት የኖረ አገር እኩል ናቸው። ነፃ አገር ማለት በራሱ ጉዳይ የመጨረሻውን ቃል የሚናገር ማለት ሲሆን፣ ከሚናገራቸው ቃሎች አንዱ «ከእነ እገሌ ጋር አብሬ እኖራለሁ» የሚለው ሊሆን ይችላል። እንዲያውም ይህን ለማለት አስቀድሞ ነፃ መሆን ያስፈልጋል። በሞግዚት እጅ ያለ ልጅ በራሱ ስም ውል እንደማይፈርም ሁሉ፣ በቅኝ ግዛት ስላለ አገር የሚፈርመውም ገዢው ነው።

የአፍሪካ መሪዎች በነፃነት ዋዜማ ይህን አስበውበት ነበር። ጋና በ1957 ነፃ ወጥታ በ1960 ባወጣችው የሪፑብሊክ ሕገ መንግሥት ውስጥ፣ ለአፍሪካ መንግሥታት ኅብረት ሲባል የሉዓላዊነቷን ከፊሉን ወይም ሙሉውን አሳልፎ የመስጠት ሥልጣን ለምክር ቤቷ ጽፋ ሰጥታ ነበር። የታንጋኒካው ጁሊየስ ኔሬሬ በ1960፣ ኬንያና ኡጋንዳ እስኪደርሱ የአገራቸው ነፃነት ቢዘገይ እንኳ ሦስቱ በአንድ ፌዴሬሽን ነፃ ቢወጡ እንደሚመርጡ ተናግረዋል። ጁን 5 ቀን 1963 ደግሞ ኬንያታ፣ ኦቦቴና ኔሬሬ በዚያው ዓመት ፌዴሬሽን እንመሠርታለን ብለው ናይሮቢ ላይ መግለጫ አወጡ። ዓመቱ አለቀ፣ ፌዴሬሽኑ ግን አልመጣም። ወንበርና ባንዲራ አንዴ ከተያዘ በኋላ መልቀቁ ይከብዳል።

እዚህ ላይ «ኅብረት» የሚለው ቃል ብዙ ነገር እንደሚሸፍን ማስተዋል ይገባል። አንዱ ዓይነት እንደ እድር ነው። ቤታችሁ ቤታችሁ ነው፤ መዋጮ ትከፍላላችሁ፣ ደንብ ታከብራላችሁ፣ ካልተስማማችሁ ትወጣላችሁ። ሌላው ዓይነት እንደ ሰማንያ ጋብቻ ነው፤ ንብረት ይቀላቀላል፣ ቤቱ አንድ ይሆናል፣ መለያየትም ዳኛ ፊት ያስቀርባል። ፌዴሬሽን የሚባለው ወደዚህ ይጠጋል። ሦስተኛው ደግሞ የአንዱ ስም ጭምር የሚጠፋበት ፍጹም ውሕደት ነው። «ገባች» የሚል ወሬ በሬዲዮ ስንሰማ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን የትኛው ውስጥ እንደገባች ነው።

በአካባቢያችን እጅግ የፈጠነው ምሳሌ ሶማሊላንድ ናት። በእንግሊዝ ሥር የነበረችው ይህች አገር ጁን 26 ቀን 1960 ነፃ ወጣች። በጣሊያን ሞግዚትነት ሥር የነበረው የደቡቡ ክፍል ጁላይ 1 ቀን ነፃ ሲወጣ በዚያው ዕለት ሁለቱ ተዋሐዱ። ሶማሊላንድ ያኔ ለብቻዋ ነፃ ሆና የቆየችው አምስት ቀን ብቻ ነው። ሕዝቡም በደስታ ነበር የገባው፤ አስገድዶ ያስገባው አልነበረም። ታዲያ ችግሩ ከወረቀቱ ላይ ተገኘ። የሃርጌሳው ምክር ቤት ያጸደቀው የውሕደት ሕግ አንድ ሲሆን፣ በሞቃዲሾ የተዘጋጀው ሌላ ነበር። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ሰነድ ላይ ፈርመው አልተጋቡም ማለት ነው። ይህን ለማስተካከል በጃንዋሪ 1961 አዲስ የውሕደት ሕግ ወጥቶ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ከጁላይ 1 ቀን 1960 ጀምሮ እንዲሠራ ተደረገ። በጁን 1961 ሕገ መንግሥቱ ለሕዝበ ውሳኔ ሲቀርብ በሰሜን ብዙ ሰው ድምፅ ሳይሰጥ ቀረ፤ ከሰጠውም አብዛኛው ተቃወመ። በጠቅላላው ቆጠራ ግን አለፈ፤ የደቡቡ ድምፅ ይበልጣልና።

ዋና ከተማው ሞቃዲሾ ሆነ። ፕሬዚዳንቱም ጠቅላይ ሚኒስትሩም ከደቡብ ነበሩ። በዲሴምበር 1961 በሃርጌሳ ወጣት የሰሜን መኮንኖች መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ከሸፈባቸው። በ1988 የሲያድ ባሬ መንግሥት ሃርጌሳን በቦምብ ሲደበድብ ሕዝቡ ወደ ኢትዮጵያ ፈለሰ፤ የሐርቲሼክን መጠለያ ከእኛ መካከል በዕድሜ የገፉት ያስታውሱታል። ሜይ 18 ቀን 1991 ሶማሊላንድ ውሕደቱ ፈርሷል ብላ አወጀች። ሶማሊያ አልተቀበለችውም። የጠበቆች ክርክር ዛሬም የሚጀምረው ያኔ በ1960 ምን ተፈረመ፣ በትክክልስ ተፈርሟል ወይ ከሚለው ነው።

ይህ ታሪክ ከዳበል ሩቅ አይደለም። በሶማሊያ ባንዲራ ላይ ያለው ኮከብ አምስት ማዕዘን አለው። ሁለቱ የተዋሐዱት ክፍሎች፣ ሦስተኛው ጅቡቲ፣ አራተኛው ኦጋዴን ሲሆኑ አምስተኛው ያኔ የሰሜን ጠረፍ አውራጃ ይባል የነበረው፣ ሞያሌን ጨምሮ ይኸው ያለንበት የኬንያ ሰሜን ነበር። ጅቡቲ በ1977 ነፃ ስትወጣ ለብቻዋ መቆምን መረጠች፤ ነፃ የወጣ አገር «አልገባም» የማለትም መብት እንዳለው ከዚያ እንማራለን። የሰሜን ኬንያ ሰው ግን ያን ዕድል አላገኘም። በ1962 የእንግሊዝ መንግሥት የላከው ኮሚሽን እየተዘዋወረ ሕዝቡን ጠየቀ። የሶማሌ ተወላጆችና ለእነሱ የሚቀርቡት ከሶማሊያ ጋር መሆን እንደሚፈልጉ፣ ከኬንያ ጋር መቆየት የሚፈልጉም እንዳሉ መዘገበ። በማርች 1963 ግን ለንደን አካባቢው ኬንያ ውስጥ እንዲቀር ወሰነች። ሶማሊያ ከብሪታንያ ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋረጠች። ጠይቆ መልሱን አለመቀበል፣ ሳይጠይቁ ከመተው ይልቅ ሳያስቆጣ አይቀርም እንላለን።

ከዚያ የመጣውን የአካባቢው ሽማግሌዎች «የሽፍታ ጦርነት» ይሉታል። እስከ 1967 ቆየ። ሕዝቡ በወታደር በተከበቡ መንደሮች ውስጥ እንዲሰፍር ተደረገ፤ ከብትና ግመል አለቀ። እዚህ ዳበል ጎረቤቶቻችን የሆኑት ሳኩዬዎች የግመል ሀብታቸውን ያጡት በዚያ ዘመን ነው። ሁለቱ መንግሥታት በ1967 የተስማሙት በአሩሻ ከተማ ነበር፤ ይህችው አሩሻ ዛሬ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ዋና መሥሪያ ቤት መቀመጫ ናት።

ስለ ኤርትራ ስንጽፍ በመጠለያችን ውስጥ የተለያየ ስሜት እንዳለ እናውቃለን፤ ቢሆንም ይህን ርዕስ አንሥቶ ኤርትራን መዝለል አይቻልም። ኤርትራ በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትቀላቀል ነፃ አገር አልነበረችም። ከጣሊያን ወደ እንግሊዝ አስተዳደር ተሻግራ ነበር፤ ፌዴሬሽኑንም የወሰነው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በዲሴምበር 1950 ባሳለፈው ውሳኔ ነው። የራሷ ምክር ቤት፣ የራሷ ባንዲራና ሕገ መንግሥት ነበራት። እነዚህ አንድ በአንድ ተነሡ፤ በኖቬምበር 1962 ፌዴሬሽኑ ራሱ ፈርሶ ኤርትራ አንድ ጠቅላይ ግዛት ሆነች። ውሉን ለተፈጸመበት ዓላማ የሚጠብቅ ዳኛ አልነበረም። ጦርነቱ ሠላሳ ዓመት ፈጀ። በኤፕሪል 1993 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከመቶ 99 በላይ የሆነው መራጭ ነፃነትን መረጠ። ማን ትክክል ነበር የሚለውን ለአንባቢ እንተዋለን። እኛ የምናሳየው እንደ ሰማንያ የተጀመረው ነገር ከሁለቱ ወገን በአንዱ ብቻ ሊለወጥ የሚችል ሆኖ መገኘቱን ነው።

ሁሉም ግን አልፈረሰም። ዛንዚባር በዲሴምበር 1963 ነፃ ወጥታ፣ በጃንዋሪ 1964 አብዮት ተካሂዶባት፣ በኤፕሪል 26 ቀን 1964 ከታንጋኒካ ጋር ተዋሐደች። ነፃነቷ አምስት ወር እንኳ አልሞላም ነበር። ሕዝቡ በሕዝበ ውሳኔ አልተጠየቀም፤ ቅሬታም እስከ ዛሬ አለ። ነገር ግን ዛንዚባር የራሷን ፕሬዚዳንትና የራሷን ምክር ቤት ይዛ ስለቀረች ታንዛኒያ እስካሁን ቆማለች።

አሁን ወደ ደቡብ ሱዳን እንመለስ። በጃንዋሪ 2011 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከመቶ 98 በላይ የሚሆነው መራጭ መለየትን መርጦ ጁላይ 9 ቀን 2011 ነፃ ወጣች። በዚያው ዓመት ለምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አመለከተች። ምክንያቷ ለማንም ግልጽ ነበር፤ ባሕር የላትም፣ ነዳጇ የሚወጣው በሱዳን ቧንቧ ነው። በማለፊያው ክፍያ ሳይስማሙ ቀርተው በጃንዋሪ 2012 ምርቷን ዘግታ ከዓመት በላይ ያለ ገቢ ኖራለች። በማርች 2012 በላሙ ወደብ ኪባኪ፣ መለስና ሳልቫ ኪር ተገኝተው የመሠረት ድንጋይ ያስቀመጡለት የላፕሴት ፕላን አካል የሆነው መንገድ በዚሁ በሞያሌ በኩል ያልፋል፤ ከኢሲዮሎ የሚመጣውን አስፋልት ማለታችን ነው።

ማኅበረሰቡ ግን ያመለከተውን ሁሉ ወዲያው አይቀበልም። ውሉ በ1999 የተፈረመ ሲሆን፣ የሚገባ አገር መልካም አስተዳደር፣ ዴሞክራሲ፣ የሕግ የበላይነትና ሰብዓዊ መብት እንዲያከብር፣ ኢኮኖሚው ከሌሎቹ ጋር የሚስማማ እንዲሆን፣ በመልክዓ ምድርም ቅርብ እንዲሆን ይጠይቃል። ከእነዚህ ውስጥ ደቡብ ሱዳን በእርግጠኝነት የምታሟላው ቅርበቱን ነበር ብንል ማጋነን አይሆንብንም። በዲሴምበር 2013 የእርስ በርስ ጦርነት ፈነዳ። ሆኖም በማርች 2016 መሪዎቹ ተቀበሏት፤ ኤፕሪል 15 ቀን 2016 ሳልቫ ኪር ዳሬሰላም ላይ ፈረሙ። በጁላይ ጁባ ውስጥ እንደገና ተኩስ ተከፈተ። በሴፕቴምበር የማጽደቂያ ሰነዷን አስገባች፤ በዚያው በሴፕቴምበር ወር ከአገራቸው የተሰደዱት ደቡብ ሱዳናውያን ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን ማለፉን የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች መሥሪያ ቤት አስታወቀ። አንድ እጅ ሲፈርም ሌላው እጅ ሕዝቡን ያፈናቅል ነበር።

ሆኖም የተማሪያችን ሥጋት ትክክል አይደለም፤ ደቡብ ሱዳን ነፃነቷን መልሳ አላስረከበችም። የገባችው ወደ እድሩ ነው። ባንዲራዋ፣ ሠራዊቷ፣ ፓስፖርቷ የራሷ ነው። የሰጠችው በቀረጥና በንግድ ላይ ብቻዋን የመወሰን መብቷን ሲሆን፣ በአሩሻ ባለው ምክር ቤት ዘጠኝ መቀመጫ አግኝታለች፣ ለአሩሻው ፍርድ ቤትም ተገዢ ሆናለች። መውጫውም ተጽፏል። ብሔራዊ ምክር ቤቷ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከወሰነ የአሥራ ሁለት ወር ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥታ መውጣት ትችላለች። ሶማሊላንድም ኤርትራም ሲገቡ እንዲህ ዓይነት በር አልተቆረጠላቸውም ነበር። ፌዴሬሽኑ ለወደፊት የታሰበ ዓላማ ነው፤ በ2017 መሪዎቹ ከዚያ በፊት ኮንፌዴሬሽን ይሞከር ብለዋል። ጥቅሙም ቢሆን በአንድ ቀን አልመጣም። ኬንያ ለደቡብ ሱዳን ዜጎች ቪዛ ያነሣችው አባል ከሆነች ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ በ2021 ነው። መዋጮውንም መክፈል አቅቷት ስሟ በተደጋጋሚ ተነሥቷል።

የእናታችን ጥያቄ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የሰው ሕይወት የሚነካ ነውና። አንድ አገር ኅብረት ስለ ገባ ብቻ የዜጎቹ ስደተኛነት አይሻርም። በ1951ዱ የጄኔቫ ስምምነትም ሆነ በ1969ኙ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት፣ ስደተኛነት የሚያበቃባቸው ምክንያቶች ተዘርዝረዋል፤ ኅብረት መግባት ከመካከላቸው የለም። በአውሮፓ ግን ሌላ ነው። በ1997 ከአምስተርዳም ውል ጋር በተያያዘው ፕሮቶኮል መሠረት የአንዱ አባል አገር ዜጋ በሌላው አባል አገር ጥገኝነት ቢጠይቅ ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር አይታይለትም። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ እንዲህ ያለ አንቀጽ የለውም።

የኬንያ የ2021 የስደተኞች ሕግ ግን አንድ አዲስ ነገር አምጥቷል። በ28ኛው አንቀጽ፣ ከማኅበረሰቡ አባል አገር የመጣ ስደተኛ በፈቃዱ ስደተኛነቱን ትቶ በማኅበረሰቡ ውል የሚገኙትን ጥቅሞች፣ ማለትም እንደ አባል አገር ዜጋ የመዘዋወር፣ የመሥራትና የመነገድ ዕድሎችን፣ ሊመርጥ ይችላል። ይህ ከ2016 ወዲህ አባል የሆነችውን ደቡብ ሱዳንን፣ በ2022 የፈረመችውን ኮንጎንና በ2024 የገባችውን ሶማሊያን ይመለከታል። ኢትዮጵያ የማኅበረሰቡ አባል አይደለችም፤ ስለዚህ እኛን አይመለከተንም። «ኢትዮጵያም ልትገባ ነው፣ ካርዳችሁን ይሰበስባሉ» እያሉ የሚያወሩ አሉ። አንድ ቀን ብትገባ እንኳ ሕጉ የሚለው «በፈቃዱ» ነው፤ የሚፈርመው አገሩ ሳይሆን ባለ ካርዱ ሰው ራሱ ነው።

ስለዚህ የካኩማው አማች ካርዱን በግድ አይቀማም። ቢፈልግ ግን ሊተወው ይችላል፤ ናይሮቢ ገብቶ ሱቅ የመክፈት ሐሳብ እንዳለው እናቱ... ማለት አማቱ ነግረውናል። ፈቃዱ የእሱ ነው። እኛ ግን ከመፈረሙ በፊት አንድ ነገር እንዲያስብ እንመክራለን። እንደ አባል አገር ዜጋ ለመዘዋወር የአገሩ ፓስፖርት ወይም መታወቂያ ያስፈልጋል። ያንን የሚሰጠው ማነው? የሸሸው መንግሥት ኤምባሲ ነው። የሸሸው ጎረቤት መንደርን ከሆነ ነገሩ ሊቀል ይችል ይሆናል፤ የሸሸው መንግሥቱን ከሆነ ግን በኤምባሲው በር መግባቱ ራሱ አደጋ ሊሆንበት ይችላል። ፓስፖርት መውሰድ በገዛ ፈቃድ ወደ መንግሥቱ ጥበቃ እንደ መመለስ ሊቆጠርም ይችላል። አንዴ ስደተኛነቱን ከተወ በኋላ ነገሩ ቢበላሽ ተመልሶ ካርዱን የሚያገኝበት መንገድ ምን እንደሆነ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይጠይቅ። ለአገሮቹ «መውጫው ተጽፏል ወይ?» ብለን የጠየቅነው ለአንድ ሰውም ይሠራል።

ልጃቸው ደግሞ ኢትዮጵያዊት ናት። እሱ ቢፈርም እሷ የምትመርጠው የማኅበረሰብ ጥቅም የለም፤ በአንድ ድንኳን ውስጥ ያሉ ባልና ሚስት ሁለት የተለያየ ሕግ ይገዛቸዋል ማለት ነው። ፋይሏ በራሷ ስም የተከፈተ ከሆነ የራሷ ጉዳይ በራሷ ላይ ይቆማል። በባሏ ፋይል ሥር እሷና ልጆቹ የተመዘገቡ ከሆነ ግን እሱ ከመፈረሙ በፊት ወደ ካኩማው የምዝገባ ቢሮ ሄዳ፣ እሱ ቢወጣ የእሷና የሁለቱ ልጆች ራሽን ካርድና መታወቂያ ምን እንደሚሆን ትጠይቅ፤ ፋይሉ እንዲነጠልላትም ማመልከት ትችል እንደሆነ ታረጋግጥ።

እናቲቱ ይህን በስልክ ለልጃቸው ለማስተላለፍ ስለፈለጉ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈንላቸዋል። ተመሳሳይ ጉዳይ ያላችሁ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ከትምህርት በኋላ በክፍላችን ታገኙናላችሁ፤ ካርዳችሁን ይዛችሁ ብትመጡ ይሻላል፣ በማን ስም ሥር እንደተመዘገባችሁ አብረን እናነባለን።